ጉም ነው ወይስ ጭስ? ከጉዶ በረት አካባቢ የአየር መለኪያ ሥራ ማስታወሻ

ሚያዝያ 25፣ 2017

ዕቃው ዛሬ ተሟላ። ኤስዲኤስ 011 የሚባለው የብናኝ ሴንሰር ሁለት፣ ሴንሰሩን የሚያዝዝና ቁጥሩን የሚቀበል ኖድ ኤምሲዩ የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ሁለት፣ የሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ፣ የሰዓት ቺፕ ከነባትሪው፣ ሙቀትና እርጥበት የሚለኩ ትንንሽ ሴንሰሮች፣ 20 ዋት የፀሐይ ፓነል እና 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ። የብናኝ ሴንሰሮቹን ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ፤ ሌላውን ከመርካቶ ለቃቀምኩ። እስካሁን 21,400 ብር ወጥቷል። ቱቦ፣ ሲሊኮንና ሽቦ ገና አልተገዛም።

ጥያቄው አንድ ነው። የአክስቴ መንደር ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር በሚወስደው መንገድ፣ ጉዶ በረት አካባቢ፣ በሦስት በኩል በኮረብታ በታጠረ ጎድጓዳ ውስጥ ነው ያለው። በስልኬ ጂፒኤስ ከፍታው 2,900 ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ማለዳ ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ፣ ጎድጓዳው በነጭ ነገር ተሞልቶ የቤቶቹ ጣሪያ ብቻ ብቅ ብቅ ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ጉም ነው ሲባል እየሰማሁ አድጌአለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ግን በዚያ ሰዓት ወደ መንደሩ ስወርድ ዓይኔን ለበለበኝ። ጉም ዓይን አይለበልብም።

ግንቦት 9

በመጀመሪያው ሙከራ ሴንሰሩ ቀኑን ሙሉ 0.3 እያሳየ ዋለ። ደብረ ብርሃን በዚህ ወቅት አቧራዋን ለሚያውቅ ሰው የማይመስል ነገር ነው። ጆሮዬን ሳስጠጋ ማራገቢያው እያቃሰተ ነው። ለካ ኤሌክትሪኩን ከ3.3 ቮልቱ እግር ነበር የሰጠሁት፤ ዕቃው የሚፈልገው 5 ቮልት ነው። ሽቦውን ነቅዬ እንደገና በስታኞ በየድኩት፣ ማራገቢያውም በትክክል ዞረ። ቴስተር እጄ ላይ እያለ ሁለት ቀን በፕሮግራሙ ውስጥ ስህተት ስፈልግ ቆየሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማራገቢያው አየር ይስባል፣ አየሩ በሌዘር ጨረር ፊት ያልፋል፣ ሴንሰሩ ብናኙ የበተነውን ብርሃን አይቶ ቁጥር ይሰጣል። ብናኙን አይመዝንም፤ ይገምታል። ለዚህ ነው ከታመነ መለኪያ ጋር ማስተያየት የሚያስፈልገው። ያሰብኩት በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ያወጣው ከነበረው መረጃ ጋር ለማመሳከር ነበር። ያ መረጃ በየካቲት 2017 መጨረሻ ተቋረጠ፤ የእኔ ዕቃ ሲደርስ ማስተያያው ጠፍቶ ጠበቀኝ።

ስለዚህ ሁለቱን ሴንሰሮች በረንዳዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ አንድ ሳምንት አቆየኋቸው። አንዱ ከሌላው በመቶ 12 ያህል ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ግን ሲወጡም ሲወርዱም አብረው ነው። ልዩነቱን በማባዣ አስተካከልኩ። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ቁጥሮች በሙሉ ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ሲሆኑ፣ ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነውን ደቃቅ ብናኝ ይመለከታሉ። የአንድን ቦታ አየር ከሌላው፣ የጠዋቱን ከቀኑ ለማወዳደር ይበቃሉ፤ ፍርድ ቤት ግን አልወስዳቸውም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሻሻለው መመሪያ ለ24 ሰዓት አማካይ ከ15 እንዳይበልጥ፣ ለዓመት ደግሞ ከ5 እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህን ለማነጻጸሪያ ያህል ይዣለሁ።

ሰኔ 7

ተከልኩት። ሣጥኑ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ የሚገባበት ዓይነት ነው፤ አየር መሳቢያው ወደ ታች የዞረ የፒቪሲ ክርን ነው፣ ዝናብ እንዳይገባ። አክስቴ የመረጡልኝ ቦታ ከማድቤቱ ጣሪያ ሥር ያለው ግድግዳ ነበር፤ «ዝናብም አያገኘው፣ ልጆችም አይነኩት» አሉኝ። ነገሩ ልክ መስሎኝ እዚያ ሰቀልኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ቁጥሩ 600 ነበር፤ ማታም እንዲሁ። ጣሪያው የሣር ነው፤ ጭሱ የሚወጣው በክዳኑ ውስጥ እየተጣራ ነውና ሣጥኔ ያነበበው የመንደሩን አየር ሳይሆን የአንድ ማድቤት ትንፋሽ ነው። ነቅዬ ከቤቱ 20 ሜትር ርቆ ባቄላው ማሳ ዳር፣ ሁለት ሜትር በሚሆን የባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ አሠርኩት። ከሦስት ቀን በኋላ አንዲት ላም ጎኗን ስታክክበት ቋሚው ተጋደመ። አሁን ዙሪያውን በእሾህ አጥሬዋለሁ። እሾሁ በነጻ ነው፣ ለጉልበቱ ግን የአጎቴ ልጅ ሁለት ቀን ሥራ ፈታ።

ሐምሌ 12

ካርዱን አውጥቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍት ልቤ ዘለለ። ሌሊት ሌሊት 350፣ 380፣ አንድ ሌሊት 412! ጥያቄዬ በአንድ ወር ተመለሰ ብዬ ለጓደኛዬ ደወልኩለት።

ማታውን እዚያው አደርኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወጥቼ በባትሪ መብራት ሳይ፣ ከምሥራቅ በኩል፣ ከቆላው አፋፍ ወደ ላይ የሚወጣው የክረምት ጉም መንደሩን ውጦታል። የባትሪው ብርሃን ሦስት ሜትር አይሄድም። አየሩ ግን ጭስ ጭስ አይልም፤ እርጥብ አፈርና ሣር ይሸታል። ሣጥኑ 390 ይላል። ጉምና ጭስ ለይ ብዬ ያመጣሁት ዕቃ ራሱ አይለይም! የጉም ጠብታም ብርሃን ይበትናል፤ ጠብታ ባይሆንም እንኳ ጭሱ ውስጥ ያለው ጨው ነገር እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ትልቅ ብናኝ መስሎ ይታያል። በዕቃው ማብራሪያ ላይ ከ70 በመቶ እርጥበት በላይ እንዳይሠራበት ተጽፏል። አንብቤው ነበር፤ ደጋ ላይ ክረምት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ከማብራሪያው ጋር አላገናኘሁትም። እዚህ በሐምሌ ሌሊት እርጥበቱ ከ90 በታች የወረደበትን ቀን ፈልጌ አጣሁ።

መፍትሔ ፍለጋ፦ መሳቢያው ላይ ሬዚስተሮች ጠምጥሜ ማሞቂያ ሠራሁ፣ የሚገባው አየር ትንሽ ሞቆ እንዲደርቅ። ይሠራል፤ ማሞቂያው በበራ በአምስት ደቂቃ ውስጥ 390 የነበረው ወደ 14 ወረደ። ግን ማሞቂያው 3 ዋት ይበላል። በ24 ሰዓት 72 ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ ባትሪዬ ሞልቶም 84 ነው ያለው። ፓነሉ ደግሞ ጉም ባለበት ቀን የሚያመጣው ከዚያ ሩቡን አይሞላም። በሁለተኛው ሌሊት ሁሉም ነገር ጠፋ።

አሁን ያለበት ሁኔታ ይህ ነው፤ ሴንሰሩ በየአሥር ደቂቃው ለአንድ ደቂቃ ብቻ ይነቃል። ማሞቂያው ከመነቃቱ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ይበራና አብሮ ይጠፋል። ፍጆታው ከሦስት አንድ እጅ ሆነ። የሌዘሩም ዕድሜ ይረዝማል፤ 8,000 ሰዓት ነው የሚባለው፣ ሳያቋርጥ ቢሠራ 11 ወር ብቻ። እርጥበቱ ከ85 በላይ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ ከቁጥሩ አጠገብ ምልክት ያስቀምጣል፣ እኔም አላምነውም። የሰኔና የሐምሌ ሌሊቶችን በሙሉ ሰረዝኩ። ለጓደኛዬ መልሼ ደወልኩ፤ ሳቀብኝ።

ነሐሴ 3

ከተረፈው መረጃ የሚታይ ነገር አለ። ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ቀጥሎ ባሉት ሰዓታት ሣጥኑ ከ3 እስከ 6 ማይክሮግራም ብቻ ነው የሚያሳየው። ዝናብ አየሩን ያጥበዋል፣ መሬቱም ረጥቦ አቧራ አይነሣም። ውጭው በዓመቱ ውስጥ እንደዚህ ንጹሕ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም።

ችግሩ ውስጥ ነው። ሁለተኛውን ሴንሰር ወደ ማድቤት አስገባሁት። አክስቴ እንጀራ ሲጋግሩ 999.9 ላይ ወጥቶ እዚያው ቆመ፤ ዕቃው ከዚያ በላይ መቁጠር አይችልም፤ እውነተኛው ስንት እንደሆነ ከዚህ ዕቃ አይገኝም። በክረምት በሩ በብርድና በዝናብ ምክንያት ይዘጋል፣ ኩበቱ ደግሞ ርሷል። ይህ አገር እንጨት የለውም፤ ማገዶው በበጋ ተለጥፎና ተቆልሎ የሚቀመጥ ኩበት ነው፣ ለማቀጣጠያ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጨመርበታል። ቁልሉ ከላይ በእበት ቢመረግም ነሐሴ ላይ ከሥር እርጥበት ይስባል። እርጥብ ኩበት አይነድም፤ ይጨሳል። አክስቴ በቀሚሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ቁጠር፣ ቁጠር፤ እኔ ሳልቆጥረው አርባ ዓመት ሆነኝ» አሉኝ።

ሣጥኑን «ሰላዩ» ብለው ሰይመውታል።

ነሐሴ 24

19 ቀን ጠፋ። ባትሪው ሲደክም ካርዱ እየጻፈ ነበርና ፋይሉ ተበላሸ። በነጻ ፕሮግራም ለማዳን ሞክሬ የተረፈው የአራት ቀን ብቻ ነው፤ የቡሄ ችቦ የነደደበት ሌሊትም አብሮ ሄደ። ከአሁን በኋላ ለእያንዳንዱ ቀን አዲስ ፋይል ይከፍታል፣ ባትሪው ከ11.6 ቮልት በታች ከወረደ ደግሞ መጻፉን ያቆማል። ካርዱንም ቀየርኩት፤ የመጀመሪያው ርካሽ ነበር፣ 280 ብር። የ19 ቀኑን ኪሳራ ስጨምርበት ውድ ሆነ።

መረጃውን በኔትወርክ እንዲልክ ለማድረግ አስቤ ነበር፣ ግን ጎድጓዳው ውስጥ ስልክ የሚይዘው አንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ ነው። ካርድ ይሻላል።

መስከረም 20፣ 2018

ጉሙ ቀነሰ፣ እርጥበቱም በቀን ወደ 60 ወረደ። አሁን ቁጥሩን ማመን ጀምሬአለሁ። መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ አቧራ የለም፣ ነፋሱም ልከኛ ነው። የቀን አማካዩ 8 እና 9 ይሆናል።

አንድ ለየት ያለ ሌሊት መስከረም 16 ነው። ደመራው የተደመረው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ከጎድጓዳው ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ነው። ሣጥኑ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል 210 ደረሰና ወዲያው ወደ 12 ተመለሰ። ያን ሌሊት ነፋስ ነበር። አንድ ትልቅ እሳት ነፋስ ባለበት ይህን ያህል ብቻ መቆየቱን ልብ ብያለሁ፤ በኋላ ይጠቅመኛል።

ኅዳር 16

ጥቅምትን ሙሉ መሄድ አልቻልኩም፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። የአጎቴ ልጅ ካርዱን እየቀየረ፣ በደብተር ደግሞ የየቤቱ እሳት የሚነድበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት እየመዘገበ ቆየኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ለሥራው የሞባይል ካርድ እሞላለታለሁ።

ዘንድሮ ሁለተኛውን ሴንሰር ከማድቤት አውጥቼ ከመንደሩ 90 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ተከልኩት። ሁለቱም ጋ ሙቀት ይለካል። ለተጨማሪው ባትሪ፣ ፓነልና ሣጥን 9,600 ብር ወጣ። ካወጣሁት ሁሉ ይህኛው አይቆጨኝም። ምክንያቱም፦ ትናንት ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ጎድጓዳው ውስጥ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ፣ ኮረብታው ላይ ከዜሮ በላይ 4 ነበር። ላይኛው ከታችኛው ይሞቃል! ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭቷል፤ ኮረብታው ላይ ግን የለም።

በቀን መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ከሥር እየሞቀ ይወጣል፣ ጭሱንም ይዞት ይሄዳል። በጥርት ያለ የበጋ ሌሊት ግን ደመና የሚባል ብርድ ልብስ የለም። መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፣ የነካውንም አየር ያቀዘቅዘዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከየኮረብታው ጎን እንደ ውኃ ቁልቁል ተንሸራትቶ ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል፤ ከላይ የቀረው ሞቃት አየር ደግሞ እንደ አክንባሎ ይከደንበታል። ከክዳኑ ሥር አርባ ምናምን ቤት ኩበት ያነዳል። ጎድጓዳው 140 ሲያሳይ ኮረብታው 18 ነበር፣ በዚያው ደቂቃ።

እርጥበቱስ? 70 ገደማ፣ ጉም የሚሆንበት አይደለም፤ ማሞቂያውም በርቷል። ነጩ ነገር ጭስ ነው። ሁልጊዜ ነው ለማለት ግን አልቸኩልም፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ማለዳ እርጥበቱ 95 ደርሶ፣ ማሞቂያው ሲበራ ቁጥሩ በግማሽ ወርዷል። ያኔ ሁለቱም ተቀላቅለው ነበር ማለት ነው።

ኅዳር 12 ለሣጥኑ ትልቅ ቀን ነበር። ኅዳር ሲታጠን ነውና ሁሉም የግቢውን ጥራጊ ሰብስቦ አቃጠለ። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ በሽታውን በጭስ ለማባረር የተጀመረ። ጎድጓዳው ማታ 3 ሰዓት ላይ 260 ደርሶ እስከ ሌሊቱ እኩሌታ ከ150 በታች አልወረደም። ከደመራው ጋር ሳነጻጽረው ይገርመኛል፤ እሳቱ ያነሰ ነበር፣ ጭሱ ግን አምስት ሰዓት ቆየ። ልዩነቱ ነፋስና ክዳን ነው።

በሁለተኛው ቀን፣ ኅዳር 14፣ አፋር ውስጥ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ሁሉም ሰው ሰላዩ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አላለም። አመዱ ወደ ምሥራቅ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመንና ኦማን፣ ከዚያም እስከ ሕንድ ነው የሄደው። እሳተ ገሞራው ያላደረሰብንን ከሁለት ቀን በፊት በራሳችን ጥራጊ አድርገነዋል አልኩ፤ ቀልዱን ማንም አልወደደልኝም።

ታኅሣሥ 8

የሚያሳፍር ነገር ልጻፍ። የአጎቴን ልጅ ደብተር ወደ ኤክሴል አስገብቼ ከሣጥኑ መረጃ ጋር ሳጋጥም፣ ጭሱ ከእሳቱ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጠዋትም ስድስት ሰዓት፣ ማታም ስድስት ሰዓት። ይህን አይቼ አንድ ሳምንት ሙሉ ጭሱ መጀመሪያ ወደ ኮረብታው ወጥቶ፣ እዚያ ቆይቶ፣ በቀዝቃዛው አየር ተጭኖ የሚመለስበትን መንገድ በሥዕል ሳብራራ ሰነበትኩ። ቀስቶችም ነበሩት።

ከዚያ ልጁ ሥዕሉን አየና፣ «ጠዋት 1 ሰዓት ብዬ የጻፍኩትን አንተ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሰዓት አድርገኸው የለ?» አለኝ። የሰዓት ቺፑ የተሞላው በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ነው፤ ደብተሩ በእኛ። ስድስት ሰዓት! ይህን ልዩነት አንድ ኢትዮጵያዊ እንዴት ማየት ያቅተዋል? ሥዕሉን ቀደድኩት። ሲስተካከል እሳቱ በተለኮሰ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ ይነሣል። አንዱ ጫፍ ከማታው 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ሁለተኛውና ከፍተኛው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው። የጠዋቱ የሚበልጠው እሳቱ ስለበዛ አይደለም፤ በደብተሩ መሠረት ማታ የሚነድደው ቤት ይበዛል። ጠዋት ክዳኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠነክር ያደረ ስለሆነና የማታው ጭስ ገና ሥሩ ስላለ ነው። የታኅሣሥ የ24 ሰዓት አማካይ እስካሁን 50 አካባቢ ነው። ኮረብታው ላይ 13።

ጥር 15

ውቂያ ነው። ሁለት ዓይነት ብናኝ መጣ። ሴንሰሩ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነውንም ይሰጣል፤ ትላልቁን አሳንሶ የመቁጠር ጠባይ ስላለው ቁጥሩን ሳይሆን ጥምርታውን ነው የማየው። ጭስ ሲሆን ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራርበው ይሄዳሉ፤ አቧራና ገለባ ሲሆን ትልቁ ጥሎት ይወጣል። ከጠዋቱ ጫፍ ላይ ይቀራረባሉ። ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ አውድማው ሲሠራና መኪና በጥርጊያው መንገድ ሲያልፍ፣ ይራራቃሉ።

ቁጥሩ በየቀኑ ከ4 ሰዓት በፊት ወይም በኋላ በሩብ ሰዓት ልዩነት እንደ ገደል ይወርዳል፤ 110 የነበረው በግማሽ ሰዓት 15 ይሆናል። ፀሐይ ኮረብታውን አልፋ ጎድጓዳውን ካገኘች በኋላ መሬቱ ሞቆ ክዳኑ የሚገለጥበት ሰዓት ነው ብዬ ጻፍኩ። ይህን ለማወቅ የሦስት ወር መረጃ ፈጀብኝ።

ከዚያ አውድማው ላይ ጎረቤታችንን፣ አባባ የምላቸውን ሽማግሌ፣ ገብሳቸውን ወቅተው ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። መንሹ አጠገባቸው ተጋድሟል። ለምን እንደማያዘሩ ጠየቅኳቸው። ፀሐዩን ቀና ብለው አይተው፣ «ከአራት ሰዓት በፊት መንሽ ያነሣ ሰው ገለባውን ራሱ ላይ ነው የሚያፈሰው። ነፋሱ ገና ተኝቷል» አሉኝ። አባታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ በጉም ቀን እስከ አምስት ይጠብቃሉ፣ በየካቲት ደግሞ ነፋሱ ቀደም ብሎ ይነሣል። ስልኬን አውጥቼ ግራፉን አሳየኋቸው። ጣታቸውን ቁልቁል በሚወርደው መስመር ላይ አደረጉና «ይኼ ነው፤ እዚህ ጋ ነው የምነሣው» አሉ። ተነሥተውም ማዝራት ጀመሩ። ሰዓቴን አየሁ፤ 4 ሰዓት ከ10።

የካቲት 14

ማድቤቱ ላይ የጭስ መውጫ ሠራሁ። ቱቦው ከላሜራ የተጠቀለለ፣ 2,200 ብር፤ ሣሩን ሳያቃጥል እንዲያልፍ ዙሪያውን በጭቃና በድንጋይ ለሰንኩት። የመጀመሪያው አጭር ስለነበር ነፋስ ሲዞር ጭሱን ወደ ውስጥ ይመልሰው ነበር፤ ከክዳኑ ጫፍ 60 ሴንቲሜትር በላይ ሳረዝመው ቆመ። በእንጀራ ሰዓት ከ999.9 የማይወርደው ሴንሰር አሁን ከ350 እስከ 500 ያነባል። አሁንም ብዙ ነው፣ ግን ቢያንስ መቁጠር ችሏል። ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራውን፣ «ምርጥ» የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም ከደብረ ብርሃን ላመጣ ነበር፤ ጭኜ ስሄድ ከአራቱ ክፍሎች አንዱ ተሰበረ። ሌላ እስኪገኝ ሦስቱ በረት ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ዶሮ ትተኛባቸዋለች።

አክስቴ ቱቦውን ሽቅብ እያዩ፣ «ከእኔ ማድቤት የወጣው የት ሄደ?» አሉ። ጎድጓዳውን አሳየኋቸው። «ታዲያ ለጎረቤት አደልኩት ማለት ነው» አሉ፤ ቀጠል አድርገውም፣ «እነሱም ሲሠሩ ለእኔ ሊልኩልኝ ነው።» መልስ አልነበረኝም። ቱቦው የሚጠቅመው ክዳኑ በተገለጠበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ሰዓት ለመቀየር ሞከርን። እንጀራ የሚጋገረው በሦስት ቀን አንዴ ስለሆነ ከ4 ሰዓት በኋላ ማድረጉ ለእሳቸው አልከበዳቸውም። ውጭ ላለው ሣጥን ግን አንድ ቤት ምንም አይደለም፤ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ከዚያ የካቲት 9 ዐቢይ ጾም ገባና መንደሩ ራሱ ሳይጠየቅ ሙከራውን ሠራልኝ። አዋቂው እስከ ከሰዓት አይቀምስም፣ የጠዋቱ እሳት ለልጆች ብቻ ሆነ። የጠዋቱ ጫፍ በዚህ ሳምንት 70 ነው፣ በጥር 120 ነበር። ጾሙ ነው ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሣሁና ተውኩት፤ በጾመ ነቢያትም እንዲህ ሊሆን ይገባ ነበር፣ አልሆነም፤ የየካቲት ነፋስም እንደተባለው በርትቶ ክዳኑ 3 ሰዓት ላይ እየተገለጠ ነው። ኮረብታውም ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ሁለት ቀን ላይ እንዲያውም ከጎድጓዳው እኩል 60 ደርሶ ሰማዩ ብጫ ሆኖ ነበር። ላይና ታች እኩል ከሆነ ከእኛ ኩበት የመጣ አይደለም፤ ከሩቅ የተነሣ አቧራ ነው፣ ትልቁም ቁጥር ጥሎት ወጥቷል።

ከትናንት በስቲያ ሚካኤል ማኅበር ላይ አክስቴ ነገሩን ለሴቶቹ አነሡት። ከአሥራ አንዱ አራቱ ለፋሲካ ማግሥት፣ ጾሙ ሲወጣ፣ የጋገራውን ሰዓት እንቀይራለን ብለዋል። አንዷ ሣጥኑ በልግ መቼ እንደሚዘንብ ያውቅ እንደሆነ ጠይቃለች። የአራቱን ቤት ቀን የሚጽፍ ደብተር ለአጎቴ ልጅ ገዛሁለት፤ ሽፋኑ ላይ በትልቁ «በእኛ ሰዓት» ብዬ ጽፌአለሁ።

የታችኛው ሴንሰር ማራገቢያ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ እንደ ጥንዚዛ ይጮኻል። ፈትቼ ሳየው በማራገቢያው ክንፍ ላይ የጠቀረ ጥላሸት ጋግሯል። በብሩሽና በአልኮል ጠርጌዋለሁ፤ ጩኸቱ ቀንሷል፣ አልጠፋም። ትርፍ ማራገቢያ ብቻውን አይሸጥም አሉኝ።